መንገዱ ሊዘጋ ነው፤ ለማን ተነገረ?

ልጅ ሆኜ ተከራይተን የኖርንበት ሰፈር ውስጥ አንዲት ቀጭን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ነበረች። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድባት ትከሻ ለትከሻ ይጋፋል። ክረምት ላይ ጭቃ ናት፤ በጋ ላይ አቧራ። ግን ከቤታችን እስከ ታክሲ መያዣው አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር የምትፈጀው። በዋናው መንገድ ከዞራችሁ ሩብ ሰዓት ያልፋል።

አንድ ቀን ጠዋት ለትምህርት ቤት ስወጣ መንገዷ የለችም። በቆርቆሮ ታጥራለች። ጎረቤታችን እማማ ለቅዳሴ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ አጥሩ ፊት ቆመዋል። "ይኼ ደግሞ በየትኛው ሌሊት በቀለ?" አሉኝ፤ እኔ የማውቅ ይመስል።

በኋላ ሲጣራ ነገሩ እንዲህ ነው ተባለ። ከመንገዷ ግራና ቀኝ ያሉት ባለይዞታዎች "ሌባ መግቢያ ሆናብናለች" ብለው አመለከቱ። ተፈቀደላቸው። "ለምን አልተነገረንም?" ብለው የሄዱ ሰዎች ያገኙት መልስ "ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር እኮ!" የሚል ነው። የት? መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ። የአከራያችን ልጅ ደግሞ ሳይታወቀው "ለአባዬ ነግረውታል" ብሎ አረፈው። እኛ ተከራዮች ነን። እማማም ተከራይ ናቸው። መንገዷን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የምንሄድባት እኛ፤ የተነገረው ግን መኪና ስላለው ጭራሽ ለማይሄድባት ሰው።

እማማ ከዚያ በኋላ ቅዳሴ መሄዳቸውን ቀነሱ። በዋናው መንገድ ዳገቱ ይከብዳቸዋል። ማንም ሰው ይህን የሆነ ቦታ ላይ እንደ ጉዳት አልመዘገበውም።

ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ሊጣል የነበረ ደብዳቤ

ይህን ነገር ረስቼው ነበር፤ አክስቴ በቴሌግራም አንድ ፎቶ እስክትልክልኝ ድረስ። አክስቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ግዛት፣ ለሚኒያፖሊስ ቅርብ በሆነች ትንሽ ከተማ ነው። ሚኔሶታ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ግዛት መሆኑን ዘመድ ያላችሁ ታውቃላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤት ገዝታለች። ከፎቶው ሥር እንዲህ የሚል የድምፅ መልእክት አለ፦ "አንተ ልጅ፣ ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ ትል የለም እንዴ? እስቲ ይቺን አንብብልኝ። ከፒዛ ማስታወቂያው ጋር ልጥላት ነበር። ግብር ጨመሩብኝ እንዴ?"

ግብር አልነበረም። ከቤቷ ጀርባ ያለችው ቀጭን መንገድ እንድትዘጋ ጎረቤቶቿ ፊርማ አሰባስበው ለከተማው ምክር ቤት አመልክተዋል። ደብዳቤው የማመልከቻውን ቅጂ አያይዟል። ምክር ቤቱ የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ይናገራል። "ሐሳብ ካለሽ መጥተሽ ተናገሪ፣ ወይም ጽፈሽ ላኪ" ነው ነገሩ።

የእኛ ሰፈር ቆርቆሮ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ያው ጉዳይ፣ ያው ዓይነት አመልካች። ልዩነቱ አንዲት ደብዳቤ ናት። ያቺ ደብዳቤ ከየት መጣች? የአንድ ጥሩ ሠራተኛ ቅንነት ናት ወይስ ግዴታ? ሕጉን ፈልጌ ማንበብ ጀመርኩ። እመኑኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ የሚያነጋግር ነገር አለው።

በከተማ፦ ሁለት ሳምንትና አሥር ቀን

በሚኔሶታ ትልልቆቹ ከተሞች የራሳቸው ቻርተር አላቸው። እንደ አክስቴ ከተማ ያሉት ብዙዎቹ ትንንሽ ከተሞች ግን በግዛቱ አጠቃላይ የከተሞች ሕግ ነው የሚተዳደሩት። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ መንገድ እንዲዘጋ የሚጠየቀው በሁለት በር ነው።

አንደኛው በር የባለንብረቶች ማመልከቻ ነው። ከመንገዱ ጋር የሚዋሰን መሬት ካላቸው ባለቤቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መፈረም አለባቸው። ሁለተኛው በር ምክር ቤቱ ራሱ ሲያነሳው ነው። እዚህ ላይ ሕጉ ጠበቅ ይላል፤ ማመልከቻ ከሌለ ከጠቅላላው የምክር ቤት አባላት አራት አምስተኛ እጅ መስማማት ይኖርባቸዋል። ማለትም ከአምስት አባላት አራቱ። ነዋሪ ሳይጠይቅ መንገድ ለመዝጋት የሚፈልግ ባለሥልጣን ከባድ ሸክም ይሸከማል ማለት ነው።

በየትኛውም በር ይግባ፣ ጉዳዩ ለሕዝብ ሳይቀርብ አይወሰንም። ከዚያ በፊት የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ በጋዜጣ ይወጣል፤ ለሕዝብ በሚታይ ቦታም ይለጠፋል። በተጨማሪም ጉዳዩ ለሚነካው ለእያንዳንዱ ባለንብረት ቢያንስ ከአሥር ቀን በፊት ደብዳቤ በፖስታ ይላካል። የደብዳቤው ይዘትም ለጸሐፊው ስሜት አልተተወም፦ የማመልከቻው ወይም የውሳኔ ሐሳቡ ቅጂ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ። እነዚህ ከጎደሉ ደብዳቤው ደብዳቤ አይደለም።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላም ምክር ቤቱ መንገዱን መዝጋት የሚችለው መዘጋቱ ለሕዝብ የሚጠቅም ሆኖ ሲያገኘው ነው። መለኪያው የአመልካቾቹ ጥቅም አይደለም። መንገድ ሲዘጋ መሬቱ አብዛኛውን ጊዜ ለግራና ቀኝ ባለንብረቶች ስለሚደርስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አመልካቹ ጸጥታ ብቻ ሳይሆን መሬትም ያገኛል።

በገጠር፦ ስምንት ፊርማና ሦስት ሰሌዳ

የገጠሩ ሕግ ደግሞ የበለጠ ገረመኝ። ሚኔሶታ ውስጥ ከ1,700 በላይ "ታውንሺፕ" የሚባሉ ትንንሽ የገጠር አስተዳደሮች አሉ። የሚመሩት ነዋሪው በሚመርጠው ጥቂት ሰዎች ያሉበት ቦርድ ነው። አባላቱ ብዙውን ጊዜ ገበሬዎችና የአካባቢው ሰዎች ናቸው።

በታውንሺፕ ውስጥ መንገድ ለመክፈት፣ አቅጣጫውን ለመቀየር ወይም ለመዝጋት ቢያንስ ስምንት መራጮች መፈረም አለባቸው። ስምንቱም ከመንገዱ በሦስት ማይል፣ ማለትም አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ መሬት ሊኖራቸው ይገባል። ማመልከቻው መንገዱ ከየት ተነስቶ በየት አልፎ የት እንደሚያበቃ ይዘረዝራል፤ መሬታቸው የሚነካባቸው ባለቤቶች ከታወቁም ስማቸው ይጻፋል።

ቦርዱ በ30 ቀን ውስጥ የሚሰበሰብበትን ቀንና ቦታ ወስኖ ትእዛዝ ይጽፋል። ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ነው ዋናው። ትእዛዙንና የማመልከቻውን ቅጂ ለሰው የማድረስ ግዴታው የአመልካቾቹ ነው! ስብሰባው ከመድረሱ ቢያንስ ከአሥር ቀን በፊት መንገዱ በሚያልፍበት መሬት ላይ ላለው ለእያንዳንዱ ሰው በአካል መድረስ አለበት። "በአካል" ስል በእጅ፣ ለሰው ማለቴ ነው። በዚያ ላይ ማስታወቂያ ለአሥር ቀን ይለጠፋል። መለጠፍ ማለት ምን እንደሆነም ሕጉ ተርጉሞታል፦ በአካባቢው ሕዝብ በብዛት በሚገኝባቸው ሦስት ቦታዎች፣ ዓይን በሚስብ አኳኋን። አንድ ሰሌዳ፣ ያውም በተዘጋ ግቢ ውስጥ፣ አይበቃም።

መንገዱ ሐይቅ ወይም ወንዝ ጋ የሚደርስ ከሆነ ደግሞ የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት ኃላፊም በአደራ ደብዳቤ እንዲያውቅ ይደረጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የባሕር ዳርቻ ቤት ያላቸው ሰዎች ሕዝብ ወደ ውኃው የሚወርድባትን መንገድ አዘግተው ዳርቻውን የግላቸው ማድረግ ሊያምራቸው ይችላል። ዓሣ ለማጥመድ ከሩቅ የሚመጣው ሰው ሰሌዳውን አያየውም። ስለዚህ በእሱ ፈንታ የሚያውቅ አንድ አካል ተቀመጠ።

የስብሰባው ቀን ሲደርስ ቦርዱ ሄዶ መንገዱን በዓይኑ ያያል፤ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን ሁሉ ይሰማል። አዲስ መንገድ በመሬቱ ላይ የሚያልፍበት ሰው ካሣ ይተመንለታል። በተተመነለት ካሣ ካልተስማማ በ40 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል።

አንድ ረቂቅ ልዩነት አስተውላችኋል? በከተማው ሕግ ደብዳቤው የሚላከው ለባለንብረቱ ነው። በገጠሩ ሕግ ግን የሚደርሰው መሬቱ ላይ ላለው ሰው ነው፤ ባለቤት ይሁን ተከራይ። አክስቴ ቤት ባትገዛ ኖሮ፣ ያቺ ደብዳቤ ሌላ ከተማ ለሚኖር አከራይዋ ትሄድ ነበር። የእኛና የእማማ ታሪክ እዚያም አለ ማለት ነው፤ በጥሩ ወረቀት ተጽፎ እንጂ።

ለምን ይህ ሁሉ ጣጣ?

"ለአንዲት ቀጭን መንገድ ይህ ሁሉ ወረቀት?" የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ በቀላል ሒሳብ እንየው። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው።

መንገዷን ማዘጋት የሚፈልጉ ስምንት ባለንብረቶች አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው የተወሰነ ካሬ ሜትርና ጸጥታ ያገኛሉ። ለዚህ ሲሉ ፊርማ ይሰበስባሉ፣ ይመላለሳሉ፣ ጠበቃም ይይዛሉ። በሌላ በኩል በመንገዷ የሚጠቀሙ 200 ሰዎች አሉ። መንገዷ ስትዘጋ እያንዳንዳቸው በአንድ ጉዞ አሥር ደቂቃ ያጣሉ። በደርሶ መልስ ሃያ ደቂቃ ነው። ሲደመር በቀን 4,000 ደቂቃ፣ ከ66 ሰዓት በላይ! ግን ከ200ዎቹ ውስጥ ለሃያ ደቂቃ ሲል ሥራ ትቶ ቢሮ ለቢሮ የሚዞር አንድ ሰው ታገኛላችሁ? አታገኙም።

ማንኩር ኦልሰን የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው ነገር ይህ ነው። ጥቅሙ ለጥቂቶች የተሰበሰበ፣ ጉዳቱ ለብዙዎች የተበታተነ ከሆነ ጥቂቶቹ ይደራጃሉ፤ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ግን መስማማት አይደለም። ለመናገር የሚወጣው ወጪ ከሚያጡት ነገር ስለሚበልጥባቸው ነው። በዚህ ላይ ወሬውን ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ከሆነባቸው፣ በቃ፣ ጉዳዩ ሳይጀመር አለቀ።

የማስታወቂያ ሕግ የሚሠራው እዚህ ጋ ነው። ወሬውን የማፈላለጉን ወጪ ከ200ዎቹ ትከሻ አንስቶ ጥቅሙን በሚያገኙት ስምንቱ ላይ ይጭነዋል። "ለውጥ የምትፈልጉት እናንተ ናችሁ፤ እንግዲያው ማንኳኳቱም የእናንተ ነው" ይላቸዋል። የታውንሺፑ ሕግ ይህን በግልጽ አድርጎታል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስለ መረጃ እኩል አለመሆን ሦስት ዓመት ስማር እንዲህ ቁልጭ ያለ ምሳሌ አላየሁም።

ተለጠፈ ማለት ታወቀ ማለት ነው?

አሜሪካ ሁሉ ነገር ሰላም ነው እያልኩ አይደለም። የአክስቴን ደብዳቤ ከቅርጫት ያዳናት አጋጣሚ ነው። የሕግ ማስታወቂያ የሚወጣበትን የጋዜጣ ገጽ ከእኔና ከእናንተ ዕድሜ ማን ያነበዋል? ሦስት ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀትም ቢሆን ስልኩን እያየ ለሚያልፍ ሰው የለም።

ይህ ጥያቄ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1950 አንድ የኒውዮርክ ባንክ በአደራ የሚያስተዳድረውን ገንዘብ በተመለከተ ለባለጉዳዮቹ ያሳወቀው በጋዜጣ ብቻ ነበር። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ስማቸውና አድራሻቸው ለሚታወቅ ሰዎች ጋዜጣ ላይ አውጥቶ መቀመጥ አይበቃም አለ። መለኪያው "አውጥተሃል ወይ?" ሳይሆን "ሰውየው እንዲያውቅ ከልብ የሚፈልግ ሰው የሚመርጠው መንገድ ይህ ነው ወይ?" የሚል ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሌላ ጉዳይ መጣ። አርካንሳስ ግዛት ውስጥ የአንድ ሰው ቤት በግብር ዕዳ ሊሸጥ ሲል በአደራ ደብዳቤ ተላከለት። የሚረከብ ጠፍቶ ተመለሰ። በጋዜጣ ወጣ፤ አላየውም። 80,000 ዶላር ያወጣል የተባለው ቤት በ21,000 ዶላር ገደማ ተሸጠ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደብዳቤው ተመልሶ እንደመጣ እያወቃችሁ ዝም ማለት አልነበረባችሁም አለ። በር ላይ መለጠፍ ወይም በተራ ፖስታ ደግሞ መላክ ይቻል ነበር።

የሁለቱ ፍርዶች ሐሳብ ተራ አማርኛ ነው፦ ሰውን ልትጠራው ከፈለግህ እንዲሰማህ አድርገህ ጥራው።

ወደ እኛ ስንመለስ

የእኛ ሕግ መነሻው ይለያል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሰው ባለይዞታ እንጂ የመሬት ባለቤት አይባልም። ስለዚህ መንገድ የሚቀየረው ከጎረቤት ማመልከቻ ይልቅ ብዙ ጊዜ ከላይ በሚመጣ ፕላን ነው። ግን የማሳወቅ ጉዳይ እኛም ጋ አለ። የዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል።

መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ፣ ለመንገድም ጭምር፣ ሥራ ላይ የሚውለው በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1161 ነው። ዐዋጁ ሲወጣ አንድ ትልቅ ነገር ይዞ መጥቷል። የሚነሱ ባለይዞታዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና አጠቃላይ ሂደት እንዲወያዩ ይል ነበር። አንድ ዓመት! ከሚኔሶታው አሥር ቀን ጋር ስታስተያዩት በወረቀት ላይ የእኛው በስንት እጥፍ ይበልጥ ነበር። በእርግጥ መንገድ መዝጋትና ከቤት መነሳት አንድ አይደሉም።

የወረቀቱና የመሬቱ ርቀት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ፣ ከዚያም በሌሎች ከተሞች የኮሪደር ልማት ሲካሄድ ብዙዎቻችን ያየነው መንገዱ ማማሩን ነው። እውነትም አምሯል። ከዚያው ጎን ግን "መቼ ነው የተነገራችሁ?" የሚለው ጥያቄ ሲያከራክር ከርሟል። ዐዋጁ የሚናገረው ስለ ባለይዞታ መሆኑንም አትርሱ። ጀርባ ቤት ተከራይታ ፀጉር ቤት የከፈተች ልጅ፣ በረንዳ ላይ ጀበና የዘረጋች ቡና ሻጭ፣ አከራያቸው ካልነገራቸው ከየት ይሰማሉ?

እኔ የማልመው ከባድ ነገር አይደለም። ዛሬ ባንኩም፣ መብራቱም፣ ቴሌውም በአጭር የጽሑፍ መልእክት ያገኘናል። የአየር ሰዓት ቅናሽ ሌሊት ሳይቀር ይነገረናል። "በዚህ ሰፈር ያለው መንገድ ሊቀየር ነው፤ ስብሰባው ማክሰኞ በ3 ሰዓት ነው" የሚል አንድ መልእክት ግን ይከብዳል? ወረቀቱም አይቅር፤ እማማ ስልካቸውን የሚያነሱት ሲደወልላቸው ብቻ ነው። ወረቀቱ ግን ሰው ባለበት ይለጠፍ። ታክሲ መያዣው ጋ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ በር ላይ፣ ደግሞም ራሷ የምትዘጋው መንገድ አፍ ላይ።

እስከዚያው እኛም የምናደርገው አለ። ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ካያችሁ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱትና በሰፈራችሁ የቴሌግራም ግሩፕ ጣሉት። ወረቀት ሲደርሳችሁ የደረሰበትን ቀን ጀርባው ላይ ጻፉ፤ የይግባኝ ጊዜ የሚቆጠረው በቀን ነው። የማመልከቻውን ቅጂ ጠይቁ። አስተያየታችሁን በቃል ብቻ አትተዉት፤ በጽሑፍ ስጡና ቅጂው ላይ ማኅተም አስደርጉ። ባለይዞታ ከሆናችሁ ደግሞ የደረሳችሁን ወረቀት ለተከራዮቻችሁ አሳዩ። ይህ ምንም አያስከፍልም።

አክስቴ ስብሰባው ላይ ሄደች። "ሦስት ደቂቃ ሰጡኝ፣ እንግሊዝኛዬ ተሰባበረ፣ ግን ተናገርኩ" አለችኝ። ጀርባዋ ያለችውን መንገድ የምትጠቀምባት በረዶ ሲወርድ ቆሻሻ ገንዳዋን ለማውጣት ነው። ከእሷ ሌላ አንድ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ጎረቤትም ተናግሯል። ምክር ቤቱ ውሳኔውን ለሌላ ቀን አስተላለፈው። መንገዷ ልትዘጋም ትችላለች። ተዘጋችም አልተዘጋች ግን ጠዋት ተነስታ ቆርቆሮ ፊት የምትቆም ሰው አትሆንም።

"ለእማማ ይህን ንገርልኝ" አለችኝ አክስቴ፤ ድሮ ሰፈራችን ስትመጣ ታውቃቸው ነበር። ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና "አስቀድመው ቢነግሩኝ እኮ እሺ እል ነበር ይሆናል" አሉኝ። "ልጆቹ ሌባ ፈርተው ነው። ግን አልጠየቁኝማ።"